በሩ ስንት ፈጀ?



ኮልፌ ባለው በእናቴ ቤት ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ማሻአላህ፣ ይህ በር ስንት ፈጀ?» ይለኛል። ጠያቂው አንዳንዴ ራሱ ሊያሠራ ያሰበ ነው፤ አንዳንዴም እንዲያው አብረቅራቂው በር ዓይኑን ስቦት ነው። እኔም 251,000 ብር ብዬ እነግረዋለሁ። ሰውየው ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል። ቁጥሩን በተናገርኩ ቁጥር ግን ሚዛን ያጎደልኩ ነጋዴ የሆንኩ ያህል ይከነክነኛል። የነገርኩት ሐሰት አይደለም፤ ሙሉ ግን አይደለም። ስለዚህ ሒሳቡን እንዳለ ለእርስዎ ላቀርብ ተነሣሁ። ምናልባት እርስዎም በዚህ ዓመት በር ለማሠራት አስበው ይሆናል።

የቀድሞው በራችን አባቴ (አላህ ይማራቸውና) ከአጠና ተራ ባመጡት ባሕር ዛፍ ላይ ቆርቆሮ መትተው ያቆሙት ነበር። የመኪና በር እንበለው እንጂ መኪና ኖሮን አያውቅም። ሁለቱም ክንፎች የሚከፈቱት ለዒድ በግ ሲገባ፣ ማገዶ ሲራገፍ፣ ወንድሜ ሲዳር፣ አባቴ የሞቱ ጊዜ ደግሞ ድንኳን ሲተከል ብቻ ነበር። በሌላው ቀን ሁሉ የምንገባውና የምንወጣው በአንደኛው ክንፍ ላይ በተቀደደችው ትንሽ የእግር በር ነው፤ እሷም የምትታሰረው በሽቦ ነበር። ያ በር አንድ ባሕርይ ነበረው። ሕፃን ልጅ በጣቱ ጫፍ ቢነካው ይጮኻል። ነፋስ ሲነፍስ ይንኳኳል፤ ዝናብ ሲዘንብማ እርስ በርስ መደማመጥ አይቻልም ነበር። እናቴ ከማድ ቤት ሆና በአንኳኳኩ ብቻ ማን እንደመጣ ትለይ ነበር፤ «ይህ የውኃ ቆጣሪው ነው»፣ «ይህቺ የእማማ እጅ ናት» ትላለች።

እማማ የምንላቸው ከእኛ ቀጥሎ ባለው ግቢ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ስማቸውን የሚያውቅ የሰፈር ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም እማማ ይላቸዋል። ስለ እሳቸው ወደ በኋላ እመለሳለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሌሊት ያችን ሽቦ የፈታ ሌባ ገብቶ የጋዝ ሲሊንደራችንንና ገመድ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ ይዞ ሄደ። የጠፋው ንብረት ብዙ አይደለም። እናቴ ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ አጣች፤ ነፋሱ ቆርቆሮውን ባንኳኳው ቁጥር ተነሥታ ትቀመጥ ነበር። ይህን ለታናሽ እህቴ ነገርኳት። እህቴ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራለች፤ ደመወዟም በወር 1000 ሪያል ነው። ስልኩ ላይ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «እኔ በየጧቱ የማጸዳው ዓይነት በር ለእማዬ አሠራላታለሁ» አለች።

የአሠሪዎቿ ግቢ በር ስቴንለስ ነው። ጅዳ በቀይ ባሕር ዳር ያለች ከተማ በመሆኗ አየሩ ጨው የተሸከመ ነው፤ ጨው ደግሞ ስቴንለስን እንኳ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣበታል። ስለዚህ እህቴ በየጧቱ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ አለባት። አንድ ቀን ካለፋት ነጠብጣቡ ይታያል፤ ከታየም ተቆጪ አለ። በሕልሟ ያየችው እንግዲህ ይህንኑ በር ነበር፤ ግን ሌላ ሰው የሚጠርገውን።

ከመስከረም 2015 እስከ የካቲት 2016 ዓ.ም. ድረስ ለ18 ወራት፣ በየወሩ 700 ሪያል ላከች። ለራሷ የምታስቀረው 300 ብቻ ነበር። በጊዜው አንድ ሪያል በአማካይ 14 ብር ከ50 ገደማ ይመነዘር ስለነበር፣ ወለድ በሌለው ሒሳብ ውስጥ 182,000 ብር ያህል ተጠራቀመ። እኔም አደራ ተቀባይ ሆኜ ዋጋ ማጠያየቅ ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ስለ ብረቱ ጥቂት ልበልዎ፤ ገንዘብ የሚባክነው በአብዛኛው ባለማወቅ ነውና። የቁርኣን 57ኛ ሱራ በብረት ስም የተጠራች ናት፤ በውስጧም ብረት ብርቱ ኃይልና ለሰዎች ጥቅም ያለው መሆኑ ተወስቷል። ስቴንለስ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10 ከመቶ ተኩል ክሮሚየም የተቀላቀለበት ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ሽፋኑ ቢጫር መልሶ ራሱን ይጠግናል። ዝገት የማይበላው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ስቴንለስ ሁሉ አንድ አይደለም። 304 የሚባለው 18 ከመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 ከመቶ ያህል ኒኬል አለው። 201 የሚባለው ግን ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካ ነው፤ ዋጋው ይረክሳል፣ ሲያበራም ከ304 አይለይም፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን የዝገት ነጥብ ሊያወጣ ይችላል። በገበያ ላይ «ማግኔት አስጠጋበት፣ ካልያዘ እውነተኛ ነው» የሚሉዎትን አይመኑ። ማግኔት 304ንም 201ንም እምብዛም አይዝም፤ ስለዚህ ሁለቱን አይለይም። መለያው ላሜራው ላይ የታተመው ጽሑፍና ከሻጩ የሚገኘው ማስረጃ ነው፤ ከበያጁ ጋር በሚፈራረሙት ውል ላይም ቁጥሩ በግልጽ ይጻፍ። 316 የሚባል ከሁሉ ውድ የሆነ ዓይነትም አለ፤ እሱ የተሠራው እንደ ጅዳ ላለ ጨዋማ አየር ነው። ከባሕር ርቀን፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለምንኖረው ለእኛ አያስፈልገንም።

እውነቱን ለመናገር ለእኛ 304ቱም ግዴታ አልነበረም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጠየቅሁት አንድ በያጅ በተራ ላሜራና ቱቦላሬ ሠርቶ፣ አንቲረስትና ቀለም ቀብቶ በ92,000 ብር እንደሚገጥም ነገረኝ። በየአራት አምስት ዓመቱ ቀለሙ ቢታደስ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል በር ነው። በ201 የሚሠራው 128,000 አለ። በ304 የሚሠራው ደግሞ 178,000 አለ። የአደራው ገንዘብ ለሦስተኛው ይበቃ ነበር። ለእህቴ ደውዬ ተራው ላሜራ እንደሚበቃን፣ የተረፈው ገንዘብ ለእሷ ተመላሽ ጉዞ እንደሚሆን መከርኳት። «ወንድም ዓለም፣ እኔ ቀለም የተቀባ በር አላልኩህም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም።

ወዲያው አለማሠራቴ ግን የእኔ ጥፋት ነው። ረመዳን ገባ፤ ከዒድ በኋላ ይሁን አልኩ። ከዒድ በኋላ ደግሞ ሌላ በያጅ ቢረክስ ብዬ ከመርካቶ እስከ አየር ጤና ዞርኩ፤ ከ178,000 ላይ አምስት ሺህ ለማስቀነስ ሁለት ወር ፈጀሁ። ቀጥሎ ክረምቱ ገባና ዝናቡ ያልፍ አልኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ብሎ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የብረት ነጋዴዎች ለጥቂት ቀናት ዋጋ መናገር አቆሙ። በነሐሴ ስጠይቅ ያው በያጅ፣ ያው ልኬት 251,000 ብር ሆኖ ጠበቀኝ።

ይህን ሒሳብ በብር ካሰቡት የ73,000 ብር ጭማሪ ነው። በሪያል ያስቡት እስቲ። እህቴ የላከችው 12,600 ሪያል ነበር። በባንክ ተኝቶ የጠበቀው 182,000 ብር በአዲሱ ምንዛሪ ተመልሶ ሪያል ይሁን ቢባል 7000 አይሞላም። እኔ አምስት ሺህ ብር ሳሳድድ የስምንት ወር ላቧ ተነነ። ወንድሜ አንባቢ፣ የሰው አደራ በእጅዎ ካለ፣ ለተላከበት ነገር ቶሎ ያውሉት፤ ወይም ለባለቤቱ «ይህን ያህል እዘገያለሁና ምን ላድርግ» ብለው ይጠይቁት። እኔ አልጠየቅኋትም። ስነግራት አልተቆጣችም፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ከአሠሪዎቿ የሁለት ወር ደመወዝ፣ 2000 ሪያል፣ አስቀድማ ተበድራ በመስከረም ላከችልኝ። እሱ 60,000 ብር ሆነ። የጎደለውን 9000 እኔ ጨመርኩ። አዎን፣ ከ251,000 ውስጥ የእኔ ድርሻ 9000 ነው፤ ደጃፍ ላይ ቆሜ «ማሻአላህ» የሚባልልኝ ግን እኔ ነኝ።

ገንዘቡ የሄደበትንም ልንገርዎ። በሩ 3 ሜትር ከ40 ስፋትና 2 ሜትር ከ20 ቁመት አለው፤ ሰባት ካሬ ሜትር ተኩል ያህል መሆኑ ነው። ለላሜራውና ለቱቦው 158,000 ብር ወጣ። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስቴንለስ በካሬ ሜትር ስምንት ኪሎ ያህል ይመዝናልና፣ ላሜራው ብቻውን 60 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀረው፤ ፍሬሙ ሲጨመር ሁለት ሰው የማያነሣው ሆነ። የእጅ ዋጋ 46,000፣ ለአርጎን ብየዳውና ለማለስለሻው 17,000፣ ለማጠፊያ፣ ለመወርወሪያና ለቁልፉ 12,000፣ ለማጓጓዣ 4000 ብር ተከፈለ። ማንም ያልነገረኝ ግን 14,000ው ነው። አባቴ ያቆሟቸው ምሰሶዎች ይህን ክብደት አይችሉም ተብለው ፈረሱ፤ በምትካቸው በፌሮና በኮንክሪት የተሞሉ ሁለት አዳዲስ ምሰሶዎች ቆሙ። ስለ በር ዋጋ ሲጠይቁ ስለ ምሰሶውም አብረው ይጠይቁ። በያጁንም ሥራ ላይ ሳለ ይጎብኙት፤ ስቴንለስን በተራ ኤሌክትሮድ ከበየደው ወይም ተራ ብረት በፈጨበት ዲስክ ከፈጨው፣ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያች ቦታ ነው። የእኛው በያጅ አላህ ይስጠው፣ ሥራውን በሐቅ ሠርቷል። ሞተር ላስገጥምልህ ብሎኝም ነበር፤ መኪና ለሌለው ቤት ሞተር ማለት ምን እንደሆነ ለእርስዎ ፍርድ እተወዋለሁ።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. በሩ ተገጠመ። ትንሿ የእግር በር አዲሱም ላይ አለች፤ ግን ወደ ኋላዋ ስትመለስ በራሷ የምትቆለፍ ናት። በምሰሶው ላይ የኤሌክትሪክ መጥሪያ ተተከለ። እናቴ በዚያው ሌሊት ከኢሻ እስከ ፈጅር ሳትነቃ ተኛች። ይህን አልክድም፤ ግማሽ ሚሊዮን ብር ቢፈጅ እንኳ ለዚያ እንቅልፍ አይበዛበትም ያልኩበት ሰዓት ነበር። እህቴ በቪዲዮ ደውላ አሳዩኝ አለች። ስልኩን ከላይ እስከ ታች ዞር ዞር አድርጌ አሳየኋት። «ማን ይጠርገዋል?» አለች። «ማንም» አልኳት። ሳቀች፤ ወዲያውም አለቀሰች።

ግቢያችን ጸጥ አለ። መጀመሪያ ላይ ጸጥታውን ወደድነው።

የ2017ቱ ረመዳን የካቲት 22 ቀን ገባ። ከእማማ ጋር የቆየ ልማድ አለን። በየማታው ከመግሪብ በፊት እሳቸው ሾርባ በሳህን ሸፍነው ይዘው ይመጣሉ፤ እናቴም ሳህኑን ባዶ አትመልሰውም፣ ሳምቡሳ ወይም ቴምር ታስቀምጥበታለች። የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሁለት ጎረቤቶች እንዳሏቸውና ስጦታውን ለየትኛው እንደሚሰጡ በጠየቁ ጊዜ፣ በሩ ለቀረበው እንዲሰጡ ተነግሯቸዋል። ከእማማ በር የሚቀርበን የለም፤ ከበራችን እስከ በራቸው አሥር እርምጃ ነው።

በረመዳን አጋማሽ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። አዛን ተብሎ ቴምር በአፋችን አድርገን፣ ሻማ አብርተን ተቀምጠናል። እናቴ፣ «ዛሬ እማማ ቀሩ፤ ደክሟቸው ይሆናል» አለች። እኔም፣ «መብራት ስለሌለ ይሆናል፤ ከተራዊሕ መልስ አያቸዋለሁ» አልኩ። ከተራዊሕ መልስ ግን ቤታቸው ጨለማ ነበር፤ ተኝተዋል ብዬ አለፍኩ።

በፈጅር መስጊድ አንድ የሰፈራችን ልጅ እንዲህ አለኝ። እማማ ስኳር አለባቸው፤ ሐኪማቸው አትጹሚ ብሏቸው ሳለ ጾመው ነበር። አመሻሹ ላይ ሰውነታቸው ሲንቀጠቀጥና ላብ ሲያጠምቃቸው ሰው ፍለጋ ወጡ። ይህ ልጅ ለተራዊሕ ሲሄድ ከእኛ አዲሱ ምሰሶ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ንግግራቸው ተሳስሮ አገኛቸው። ከሱቅ ስኳር በውኃ በጥብጦ አጠጣቸውና በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። እኔ ለተራዊሕ ስወጣ ድንጋዩ ላይ ማንም አልነበረም፤ እሳቸው ጤና ጣቢያ ነበሩ።

አልሐምዱሊላህ፣ ተሻላቸው። በማግስቱ እናቴና እኔ ልንጠይቃቸው ሄድን። እናቴ፣ «እማማ፣ ምነው እኛን ሳይጠሩ?» አለች። እሳቸውም ምንም ቅሬታ በሌለው ድምፅ፣ «ልጄ፣ ደጃችሁ ደርሼ ነበር። መጥሪያውን ተጫንኩ፤ ዝም አለ። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። እንግዳ ይዛችሁ ይሆናል ብዬ ተመለስኩ» አሉ።

ሦስት ጊዜ። ፈቃድ መጠየቅ ሦስት ጊዜ መሆኑን፣ ካልተፈቀደ መመለስ ተገቢ መሆኑን እማማ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሱናውን ፈጽመዋል። የመብራቱን መጥፋት እንተወው፤ በዚያ ላይ ግን የአሮጊት እጅ ወፍራሙን ብረት ቢደበድበው የሚሰማው ድምፅ ትራስ ላይ እንደመምታት ነው። ራሴ በሚቀጥለው ቀን ወጥቼ በዝግታ አንኳኳሁት፤ እናቴ ማድ ቤት ነበረች። አልሰማችም። ጨምሬ አንኳኳሁ። አልሰማችም። በጡጫ ስመታው ነው «ማነው?» ያለችው።

በዚያ ሰሞን አንድ ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት ኩፋ በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ስትቆረቆር፣ የቃዲሲያው አዝማች ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) አሚሯ ነበሩ። መኖሪያቸው ከገበያው አጠገብ በመሆኑ ጫጫታው ሲያስቸግራቸው በር አስገጠሙ። ሰዎችም ሰዕድ «አሁንስ ጫጫታው ተቋረጠልኝ» ብለዋል እያሉ አወሩ፤ ወሬው መዲና ደረሰ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ሙሐመድ ኢብን መስለማን ላኩ። መልእክተኛው ኩፋ ደርሶ እንጨት ገዛና በሩን አቃጥሎ ተመለሰ። ሰዕድ የመንገድ ስንቅ ይሆንህ ብለው ገንዘብ ቢያቀርቡለት አልተቀበለም። ሰዕድ ያ ንግግር የእሳቸው እንዳልሆነ ምለው አስረዱ፤ ዑመርም አመኗቸው። በሩ ግን ተቃጥሏል።

ዑመር በሩ ስንት ፈጀ ብለው የጠየቁ ስለመሆኑ ያነበብኩት ነገር የለም።

እርግጥ እርስዎ፣ «ሰዕድ አሚር ነበሩ፤ ባለ ጉዳይ ሊገባባቸው ይገባል። አንተ ግን ተራ ሰው ነህ፣ እናትህንም ሌባ አስጨንቋታል» ሊሉኝ ይችላሉ። ትክክል ነው። ግመልን አስሮ በአላህ መመካት ሱና ነው፤ በር መዝጋትም እንዲሁ። በሩን ላቃጥለው አላሰብኩም፤ ስቴንለስ ቢፈልጉም አይቃጠል። የእህቴም ላብ ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ዋጋ ስጠይቅ፣ ዓይነት ስመርጥ፣ ምሰሶ ሳስፈርስ፣ 201ና 304ን ስለይ ከረምኩ። በያጁም ስለ ቁልፍ ብዛት ጠየቀኝ፤ ቁመቱ ከመንገድ እንዳያሳይ አደረገልኝ። ከእኛ መካከል ግን ከውጭ የሚያንኳኳው ሰው እንዴት ይሰማል ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ሌባውን ብቻ አስበን ሠራነው። ሌባው አንድ ሌሊት መጣ፤ እማማ ሠላሳ ዓመት ሲመጡ ነበር።

በዚያው ሳምንት በያጁን ጠራሁት። በራሱ የሚቆለፈውን ቁልፍ አውጥቶ፣ ቀን ቀን ከውጭም ተገፍቶ የሚከፈት፣ ማታ ከውስጥ የሚቀረቀር መወርወሪያ አደረገልኝ። ከዚያ ማንኳኪያ እንዲሠራልኝ ጠየቅሁት። ስቴንለስ ቀለበት በእጁ አልነበረውም፤ እኔ ደግሞ እንደገና ቀጠሮ መስጠት ፈራሁ። «ከተራ ብረት ሥራልኝ» አልኩት። «ይዝጋል፤ ዝገቱም በሩ ላይ ይወርዳል። ይህን የመሰለ ሥራ አታበላሽብኝ» ብሎ ለመነኝ። ግድ የለም አልኩት። ወፍራም የብረት ቀለበትና የምትመታበትን ጉጥ በ1800 ብር ገጠመልኝ፤ ከፍታውንም በእማማ ትከሻ ልክ አደረግነው። እሳቸውን አስጠርተን ሞከሩት። አንድ ጊዜ ሲመቱት የእኛን ተዉት፣ የማዶው ቤት ውሻ ጮኸ።

በያጁ እንዳለው ሆነ። ያን ዓመት ክረምት ዝናቡ ሲወርድበት ከቀለበቱ ሥር በአብረቅራቂው በር ላይ ቡናማ መስመር ወረደ። እህቴ በቪዲዮ ስትደውል ያን መስመር ወዲያው አየችው፤ ዓይኗ ለዚያ የሠለጠነ ነው። ደነገጠች። «እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ? ዝገት ነው! ሳይከርም ይጠረግ፤ የሎሚ ውኃ በለስላሳ ጨርቅ፣ እንደ መስመሩ ወደ ታች ነው የሚጠረገው» አለች። እናቴ፣ «እሺ ልጄ» አለቻት።

እስከ ዛሬ አልጠረገችውም። እኔም አልጠረግሁትም። እህቴ ለሁለቱ ወር ብድር የሠራችውን ሠርታ ጨርሳለች፤ ኢንሻአላህ ለመጪው ዒድ ለመምጣት ፈቃድ ጠይቃለች። ስትመጣ በዚያ በር ትገባለች፤ መጥረጉን ከፈለገች እሷ ትወስን ብለናል። እማማ ግን ከወዲሁ እናቴን፣ «ልጅቷ የመጣች ቀን ሁለቱም ክንፍ ይከፈት» ብለው አስጠንቅቀዋታል።